መምህር ኳን የጻፉት የመጨረሻ ስም

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሰው መኖር አልነበረበትም። የደሴቶቹ ቻይናውያን አንድነት ማኅበር ዓመታዊ የስፖርት ቀኑን የሚያከብርበት ዕለት ስለነበር፣ ከሱቫ ባለሱቆች እስከ ሲንጋቶካ አትክልት አብቃዮች ድረስ ማኅበርተኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ድስት ሊመልሱ የመጡ ሁለት ሴቶች መምህር ኳን ሲዩ ፋትን በመግቢያው ክፍል በጀርባቸው ተንጋለው አገኟቸው። ሽማግሌው ሥራ ሲደክማቸው መሬት ላይ ጋደም የማለት ልማድ ስለነበራቸው፣ አንደኛዋ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አትቀስቅሻቸው ብላ ነበር። ደሙን ያየችው ሁለተኛዋ ናት።

ኢንስፔክተር ቶሪካ ፎንግ ስትደርስ የማኅበሩ ጸሐፊ ደዝመንድ ዪ ከነስፖርት ልብሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ፊሽካው ገና አንገቱ ላይ ነው። አደጋ መሆኑን ከሰላምታው ቀድሞ ነገራት።

"የሰባ ስድስት ዓመት ሰው መሰላል ላይ ምን ያደርጋል? ስንት ጊዜ ለመንናቸው። ወጣት እናምጣልዎት ብንላቸው ወጣት አይጽፍም አሉ።"

ግድግዳውን የሸፈነው ጥቁር የተወለወለ ድንጋይ ነበር። ከላይ እስከ ታች በቻይና ፊደል የተጻፉ ስሞች ሞልተውታል፤ ወደ ደሴቶቹ ቀድመው የመጡት ቤተሰቦች ስም ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከየደሴቱ የሚመጡ ተወካዮች በተገኙበት ሊመረቅ ሁለት መስመር ብቻ ቀርቶት ነበር። መምህር ኳን ከሥሩ ወድቀዋል። የጭንቅላታቸው ጀርባ የድንጋዩ አግዳሚ ወንበር ጠርዝ ላይ ተመትቷል፤ ብሩሹ ግን ከእጃቸው አልወጣም።

ቶሪካ ሬሳውን አይታ ስትጨርስ መሰላሉን አየች። አራት እርከን ያላት አጭር የእንጨት መሰላል ናት። ድንጋዩ ፊት ለፊት፣ እግሮቿ ተከፍተው፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ይህን ማን አነሳው?" ብላ ጠየቀች።

ሁለቱ ሴቶች ምንም አልነካንም አሉ። ጸሐፊውም አልነካሁም አለ። ሳጅን ሙኔሽ መሰላሏን በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ ወዲያው ተንገዳገደች።

"ከዚህ ላይ ሰው ወደ ኋላ ቢወድቅ፣" አለ ሙኔሽ፣ "መሰላሏም አብራው ትሄዳለች፣ አለቃ።"

"አዎ። ከወደቀች በኋላ ያቆማት ሰው አለ።"

ደዝመንድ ዪ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። ቶሪካ የመጨረሻው የተጻፈው ስም የቱ እንደሆነ ስትጠይቀው ከራሱ በላይ ጠቆማት። የሊዩንግ ቤተሰብ መስመር ነው። ወርቃማው ቀለም በደንብ አልደረቀም። ከስሙ ሥር የጣት ርዝመት ያህል ቦታ ላይ ቀለሙ ተጠርጎ ድንጋዩ ደብዝዟል።

ጸሐፊው ወደ ስሙ ተጠግቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። በዚህ ድንጋይ ላይ የሞተ ሰው በወርቃማ፣ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ በቀይ ነው የሚጻፈው። ከሟቹ ከአቶ ሊዩንግ ክዎክ ዋ ስም ጎን "ዩት ላን" የሚል ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ወይዘሮ ሊዩንግ ዩት ላን ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ጠዋት ሜዳ ላይ ሩጫ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው።

"ተሳስተዋል፤" አለ ደዝመንድ። "ስህተቱን አይተው ሊጠርጉ ሲሞክሩ ነው የወደቁት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።"

ቶሪካ ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። ዓይኗ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ነበር። ፊደሉን አታነብም፤ ያስተማራት ሰው የለም። ግን የፎንግ ምልክት ምን እንደሚመስል አባቷ አንድ ጊዜ አሳይቷታል። ከላይ እስከ ታች ፈለገችውና አጣችው።

"ለካ አንቺም ፎንግ ነሽ፤" አለ ጸሐፊው የምትፈልገው ገብቶት። "የየትኞቹ ፎንጎች?"

"የላምባሳው ዳቦ ጋጋሪ የልጅ ልጅ ነኝ።"

"አሃ።" ቶሪካ ይህን አሃ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዳቦ ጋጋሪው የደሴቷን ተወላጅ ማግባቱን የሚያውቅ ሰው የሚለው አሃ ነው። "ቅጽ ልከን ነበር እኮ። በዚህ ዓመት የደሴቶቹ ተወላጅ የሆኑ ሚስቶችም ይጻፉ ተብሎ ተወስኗል። ጉባኤው ሦስት ስብሰባ ፈጀበት። ቤተሰባችሁ አልመለሰም።"

አባቷ ቅጹን ሳያነብ እንደቀደደው ታውቃለች። ያን ዕለት ልክ ነህ ብላው ነበር። አሁን እዚያ ሁሉ ስም ፊት ቆማ ልክነቱ ጠፋባት።

የሆስፒታሉ ሐኪም በማግስቱ ጠዋት ደወለላት። መምህር ኳን ወዲያው አልሞቱም። ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል፤ በቶሎ ሰው ደርሶላቸው ቢሆን ኖሮ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው። ሞቱ የተባለበት ሰዓት ከሰባት እስከ ስምንት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ሊዩንግን ያገኘቻቸው እሑድ ረፋድ ላይ ታማቩዋ ከሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸው ተለቅሞ የታሰረ ሴት ናቸው። ባላቸው ማኅበሩን ለሃያ ሁለት ዓመት መርቷል። እሳቸውም የሴቶቹን ክፍል ለአርባ ዓመት ስለመሩ ከሎቶካ እስከ ሱቫ አክስቴ የማይላቸው ሰው የለም። ለቶሪካ ሻይና የአሳማ ሥጋ ያለበት ትኩስ ዳቦ አቀረቡላት፤ ካልበላሽ አልናገርም አሏት። ስለ መምህር ኳን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጆቻቸውን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት መምህሩ ናቸው።

ስለ ወርቃማው ስም ስትጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

"ደዝመንድ ነግሮኛል። ከሙታን ጋር ደመሩኝ፤ ምን ይደረግ? ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ልጄ፣ እኔ እንደሁ ነገ ተነገ ወዲያ መሄዴ አይቀርም፤ ቀለሙ ቢቀድመኝ አልቀየምም።"

ቅዳሜን በዝርዝር ነገሯት። ጠዋት ሩጫውን አስጀመሩ፤ እኩለ ቀን ላይ የሕፃናቱን ሽልማት ሰጡ። ከዚያ ራሳቸውን ስላዞራቸው የወንድማቸው ልጅ መኪና ውስጥ ጋደም አሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው የቅርጫት ኳሱን ዋንጫ ሸለሙ። የወንድማቸው ልጅም መኪናው ዛፍ ሥር እንደነበረና ብርድ ልብስ እንዳለበሳቸው መሰከረ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጨዋታው ሄዷል፤ አልተመለሰም።

"መምህር ኳንን የሚጠላ ሰው ያውቃሉ?"

ወይዘሮ ሊዩንግ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "የሚጠላቸው አላውቅም። የሚቀናባቸው ግን አለ። ቅናትን ታውቂያት እንደሆነ ፊት ላይ አትደበቅም። ሹ ጂያንሚንን ጠይቂው።"

ሹ ጂያንሚን ከዋናው ቻይና ከመጣ ስምንት ዓመቱ ነው። ገበያው አጠገብ ምግብ ቤት አለው፤ በማኅበሩ ነባሮች ዓይን ግን እስካሁን አዲስ መጤ ነው። በአገሩ በጽሕፈት ውድድር ተሸልሞ ያውቃል። የስሙ ድንጋይ ሲታሰብ ያለ አንዳች ክፍያ እኔ ልጻፍ ብሎ ሲለምን፣ ጉባኤው ሥራውን ለመምህር ኳን ሰጠ። ሹ በስብሰባ መሐል ተነሥቶ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ አያቶቻችሁን ሊያበላሽ ነው ብሎ ወጥቷል። ይህን አሥራ ስድስት ሰው ሰምቶታል።

ሳጅን ሙኔሽ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲጠያይቅ ዋለና ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ቅዳሜ የሥጋ ጥብሱን ሲሠራ የዋለው ሹ ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቆንጠጫውን ለሚስቱ ሰጥቶ ጠፍቷል። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ነው የተመለሰው።

ቶሪካ ጣቢያ ስታስጠራው ሰውዬው የወጥ ቤት ሽርጡን ሳያወልቅ መጣ። መጀመሪያ ከሰል ላመጣ ነው የሄድኩት አለ። ሙኔሽ ከሰሉን ማን እንደሸጠለት ሲጠይቀው ቃሉን ለወጠ። ቀጥሎ ሆዴን አሞኝ ነበር አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ሄደ። ቶሪካ ጥፋተኛ መሆኑን ከሞላ ጎደል አምናለች። ነገሩ ሁሉ ይገጥማል፤ ጥል አለ፣ ሰዓት አለ፣ ውሸት አለ።

"አቶ ሹ፣" አለችው በመጨረሻ፣ "መምህር ኳን ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ሲተነፍሱ ቆይተዋል። ይህን ያውቃሉ?"

ሹ አላወቀም። አለማወቁን ቶሪካ ከፊቱ አነበበችው። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ ዘይት ያቃጠላቸው ወፋፍራም ጣቶች ናቸው።

"በመስኮቱ ነው የማያቸው፤" አለ ቀስ ብሎ። "በየቀኑ ማለት ይቻላል። ውጭ ቆሜ እሳቸው ሲጽፉ አያለሁ። ሲሄዱ ደግሞ የጻፉትን ፎቶ አነሣና ቤቴ ገብቼ ልምሰለው እላለሁ። አልቻልኩም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል ያልኩት ውሸቴን ነው። ብሩሹ ድንጋዩን ሲነካ ቀጥ ይል ነበር። እኔ አሥር ዓመት ብጽፍ እንደዚያ አልጽፍም። ይህንን ለሰው እንዴት ብዬ ልናገር?"

"ቅዳሜም ሄደዋል?"

"ሄጃለሁ። ሰው የለም ብዬ ነው፤ እሳቸው ግን ነበሩ። መሰላሉ ላይ ሆነው ቀለም ሲያማስሉ ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩ።"

ስልኩን አወጣ። ፎቶው ስድስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ የተነሣ ነው። መምህር ኳን ወደ ጎን ዘወር ብለዋል፤ ከፊታቸው የሊዩንግ መስመር ይታያል። "ዩት ላን" ተጽፏል። ከሥሩ፣ በኋላ በተጠረገው ቦታ ላይ፣ አንድ ረድፍ ደቃቅ ጽሕፈት አለ።

"ይህ ምን ይላል?" ቶሪካ ድምፅዋ ሳይታወቃት ፈጥኖ ነበር።

ሹ ምስሉን አስጠግቶ አየ። አንዴ በከንፈሩ አነበበው፤ ግራ ገባው።

"የቦታ ስም ነው መሰለኝ። ሎ፣ ቮ፣ ኒ። የሎቮኒ ልጅ ይላል።"

ቶሪካ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሎቮኒ ኦቫላው ደሴት ላይ፣ ከሌቩካ ከተማ ጀርባ ያለ መንደር ነው፤ ተወላጆቹ የደሴቷ ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ ሊዩንግ ደግሞ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት በመርከብ ከሆንግ ኮንግ የመጡ ሙሽራ ነበሩ።

"መምህር ኳን ቀለም ይሳሳቱ ነበር?"

"እሳቸው?" ሹ ሊቆጣ ምንም አልቀረው። "መቼም አይሳሳቱም።"

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ሌቩካ ተሻገረች። ሎቮኒ ተወልዳ ቻይናዊ ያገባች ሴት ታስታውሱ እንደሆነ ስትጠይቅ የገበያው ሴቶች ብዙም አላደከሟትም። ወደ ሎሳና ላኳት። ሎሳና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጎምላላ፣ ሳቂታ፣ በጓሮዋ ጎደሬ የምትተክል ሴት ናት። ቶሪካ ፖሊስ መሆኗን ስትነግራት ጎረቤቷ ስለ አሳማዎቿ የከሰሳት መስሏት መከላከል ጀምራ ነበር።

እናቷ ቫሲቲ ትባላለች። ሊዩንግ ክዎክ ዋ በወጣትነቱ ሌቩካ ውስጥ ሱቅ ሲከፍት አገባት። ቫሲቲ ከሦስት ዓመት ትዳር በኋላ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ በሳንባ በሽታ ሞተች። ሎሳና ያኔ ሕፃን ስለነበረች የእናቷ ወገኖች ወሰዷት። አባትየው ሱቫ ገብቶ ሌላ አገባ፤ ትልቅ ሰውም ሆነ።

"ጥሎኝ ነው የሄደው አልልም፤" አለች ሎሳና። "በየዓመቱ የትምህርት ቤት ጨርቅ ይመጣልኝ ነበር። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው የምትልከው ሚስትየው መሆኗን የሰማሁት። ደግ ሴት ናት።"

በመጋቢት ወር መምህር ኳን ለስሙ ድንጋይ መረጃ ሲያሰባስቡ እዚህች በረንዳ ላይ መጥተው ተቀምጠዋል። የእናቴ ማስታወሻ ይህ ብቻ ነው ብላ አንድ ፎቶ ሰጠቻቸው። ለቶሪካም አመጣችላት። ቫሲቲ የሱቁ በር ላይ ቆማለች፤ ከጆሮዋ በላይ አበባ ሰክታለች። በጀርባው በብሩሽ የተጻፈ ሁለት ፊደል አለ። ቶሪካ ማንበብ ባትችልም ከሹ ፎቶ ላይ ደጋግማ ስላየችው አወቀችው።

"መምህሩ ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የአባትሽን የእጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ አሉኝ። ዩት ላን ይላል፤ የጨረቃ አበባ ማለት ነው፤ ባሏ ያወጣላት ስም ነው አሉ። እኔማ ሳቅሁ። አያቴ ሁልጊዜ ያ ሰውዬ እናትሽን ሲጠራ የሚያስለው ይመስል ነበር ትለኝ ነበር። ለካ ስም ነው።"

"የሱቫዋ ሚስትም በዚሁ ስም እንደምትጠራ ነገሩሽ?"

የሎሳና ሳቅ ቆመ። "ነገሩኝ። ድንጋዩ ከመመረቁ በፊት እኔው ራሴ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት አሉ። እንደዚህ አድርገው ግንባራቸውን ያሹ ነበር።"

ቶሪካ ፎቶውን ገልብጣ የቫሲቲን ፊት እንደገና አየች። የላምባሳው ዳቦ ጋጋሪ አርባ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን አያቷን አንቺ ከማለት ሌላ ስም አውጥቶላት አያውቅም። ሰው ፊት ሲጠራት ሴትዮዋ ነበር የሚላት። ሦስት ዓመት ብቻ ሚስት ለነበረች ለዚህች ልጅ ግን ብሩሽ ነክሮ የጨረቃ አበባ ብሎ የጻፈላት ሰው ነበረ። የሞተችን ሴት ቀናችባት። እንደቀናች ስታውቅ ደግሞ፣ ሱቫ የሆነው ነገር ሁሉ ባንዴ ግልጽ ሆነላት። እሷ በአንድ ፎቶ እንዲህ ከሆነች ሃምሳ ስምንት ዓመት በዚያ ስም የኖረች ሴት ምን ትሆን?

በጀልባው ላይ ሳለች ለሙኔሽ ደወለችለት። የስፖርት ቀኑን ፎቶዎች በሙሉ ሰብስብ፣ ወይዘሮ ሊዩንግ ያሉበትን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለይ አለችው። ወደብ ላይ ጃንጥላ ይዞ ጠበቃት።

"አለቃ፣ እኔ የተለየ ነገር አላየሁም። ያው ቀሚስ ነው፣ ያው ባርኔጣ ነው።"

መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ጠዋት የሩጫውን ባንዲራ ይዘዋል። እኩለ ቀን ላይ ለአንዲት ሕፃን ሜዳሊያ እያጠለቁላት ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዋንጫ ይዘዋል። እጃቸውን አየች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎቶዎች ላይ ነጭ የእጅ ጓንት አለ፤ በሦስተኛው የለም። ሴትዮዋ በአደባባይ ያለ ጓንት ታይተው እንደማያውቁ የሱቫ ሕዝብ በሙሉ ያውቃል።

"አዳራሹ ከሜዳው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?" አለች ቶሪካ።

"ለእኔ አምስት። ለእሳቸው አሥር ቢሆን ነው።"

በረንዳው ላይ ሻይ ተዘጋጅቶ አገኘቻቸው፤ በዚህኛው ቀን ግን ብይ አላሏትም። ቶሪካ የሎሳናን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠችው። ወይዘሮ ሊዩንግ ሁለቱን ፊደላት አዩ። ገልብጠው የቫሲቲን መልክ ለማየት አልፈለጉም።

"ሌቩካ ሄድሽ፤" አሉ።

"ሄድኩ፣ አክስቴ።"

"ልጅቷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ደግ ሴት ናት አለችኝ ስለ እርስዎ።"

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙኔሽ ደብተሩን አወጣ፤ ቶሪካ በእጇ ቆይ አለችው። ጓንቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ሊዩንግ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና በንጹሕ መሀረብ ጠቅልለው አመጧቸው። ታጥበዋል፣ ተተኩሰዋልም። የቀኙ መዳፍ ላይ ግን ወርቃማው ቀለም እንዳለ ነው።

"ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ልጥለው ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።"

ከዚያ በኋላ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከመኪናው የወጡት የባላቸውን ስም ሰው ሳይከባቸው ለብቻቸው ለማየት ነበር። ገብተው ከሱ ጎን ዩት ላን የሚለውን በወርቃማ ሲያነቡ ሳቁ። መምህር፣ ገና ሳልሞት ገደሉኝ እንዴ ብለው ቀለዱ። መምህር ኳን ግን አልሳቁም። መሰላሉ ላይ እንዳሉ ብሩሹን ይዘው ዘወር አሉ።

"ቀጥለውም አክስቴ፣ ይህ እርስዎ አይደሉም አሉኝ።"

ሽማግሌው ሊዋሹ አልቻሉም። የፎቶውን ጀርባ ነገሯቸው፤ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሕፈትም አነበቡላቸው።

"አገሬ ሳለሁ ስሜ ጂዩ ዳይ ነበር። ወንድም ጥሪ ማለት ነው። ወንድ ልጅ ያማራቸው ሰዎች ለሴት የሚያወጡት ስም ነው። ከመርከቡ ስወርድ ክዎክ ዋ አየኝና እንዲህ ያለ ስም ለአንቺ አይገባም አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዩት ላን ነሽ አለኝ። ቤት የለኝ፣ ቋንቋ የለኝ፣ ሰውም አላውቅም። ያ ስም ብቻ ነበረኝ። ለእኔ ያሰበልኝ መስሎኝ ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖርኩበት።" ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሡም። "ሌላ ሴት እንደነበረች አውቅ ነበር። የሞተች ሴት ምን ያስቀናል? ለልጇ ጨርቅ ልኬያለሁ። ግን እኔን ሲጠራ የሚጠራው ማንን ነበር? ወጥ ጥሩ ነው ሲለኝ፣ ሲታመም አጠገቤ ሁኚ ሲለኝ፣ ነፍሱ ስትወጣ እንኳ ዩት ላን ብሎ ነው የሄደው። ማንን ነው የጠራው?"

ቶሪካ ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ ወደ ራሷ ሳበችው።

"መምህር ኳን ክፉ አልተናገሩኝም። የእርስዎን ከሥሩ በቀይ እጽፋለሁ፣ የትውልድ ስምዎን ብቻ ይንገሩኝ አሉኝ። በደግነት ነው የጠየቁኝ። እሱን ነው ያልቻልኩት። መሰላሏን በሁለት እጄ ገፋኋት።"

"ሲወድቁ በሕይወት ነበሩ።"

"ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር።"

"ሰው መጥራት ይችሉ ነበር፣ አክስቴ።"

"እችል ነበር። በፊት ግን መሰላሏን አነሣሁና ወጣሁባት። በየእርከኑ እያረፍኩ ስለወጣሁ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የሎቮኒ የሚለውን በጓንቴ ጠረግሁት። ስወርድ ትንፋሻቸው ቆሟል።"

"ስሙን ለምን አላጠፉትም?"

ወይዘሮ ሊዩንግ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቀቻቸው አድርገው አዩዋት። "ስሜን ለምን አጠፋለሁ?"

ጣቢያው ውስጥ ቃላቸውን በጽሑፍ ለመቀበል ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመሐሉ ደዝመንድ ዪ ደውሎ ምረቃው መራዘሙን ነገራት። ጉባኤው ግማሹ ድንጋዩ ይሸፈን፣ ግማሹ የተጠረገው ይጻፍ እያለ ተከፍሏል። ሹ ጂያንሚን እንዲጨርሰው ቢጠየቅ ከእሳቸው ጽሕፈት አጠገብ የእኔ እንዲታይ አልፈልግም ብሎ እንቢ ብሏል። ሎሳና ደግሞ ለእናቴ ስትሉ ሰው አታስቀይሙ የሚል መልእክት ልካለች። ጸሐፊው አክስቴ በልተው እንደሆነ ጠየቀ። ከመዝጋቱ በፊት የፎንግ ቤተሰብ ቅጽ አሁንም ቢመጣ ቦታ አለ አላት። ቶሪካ አስብበታለሁ አለችው።

ቃሉ አልቆ ሲነበብላቸው ወይዘሮ ሊዩንግ አንድም ቦታ አላስተካከሉም። ሙኔሽ ከላይ የቀረውን ባዶ መስመር በእስክሪብቶው ለቶሪካ አሳያት። ስም ይላል።

ቶሪካ እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ሕጉ የሚጠይቀው ሙሉ ስም ነው፤ ግን ሁለት ስም ሰምታለች።

"አክስቴ፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማን ብዬ ልጻፍ? ከፈለጉ የትውልድ ስምዎን መጻፍ እንችላለን።"

አሮጊቷ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወረቀቱን ተመለከቱ።

"ዩት ላን ብለሽ ጻፊ፤" አሉ። "ሰው ገድዬበታለሁ። አሁን የእኔ ነው።"